የሬዲዮው ድንጋይ ካለቀ በኋላ

ሳሉ ሲጀምረኝ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ የተወለድኩበትን ዘመን የምታስታውሰው “ገብሱን በረዶ ያጨደው ዓመት” እያለች ስለሆነ አንድ ዓመት ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። እኔ ግን ሠላሳ አንድ ብዬ ይዤዋለሁ።

ያኔ ባለቤቴ ታደለ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነበር። መተሐራ ሸንኮራ ቆረጣ ወርዶ ሁለት ክረምት ከረመና ሳል፣ አጥንትና አንድ ሬዲዮ ይዞ ተመለሰ። አገሩ ሁሉ “የቆላ በሽታ ነው” አለ፤ እኔም አልኩ። ከፋሲካ በኋላ ቀበርነው። ሴት ሞፈር አትጨብጥምና መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠሁ። ግማሽ ገብስ ይገባልኛል፤ ለቀረው ጉድለት እጄ ነበረኝ። የበግ ጠጉር እነድፋለሁ፣ እፈትላለሁ። የታደለ ታላቅ ወንድም፣ አያ ሽብሩ፣ ባና የሚባለውን ወፍራም የጠጉር ልብስ የሚሠራ ሸማኔ ነው። እኔ እፈትላለሁ፣ እሱ ይሠራዋል፣ ዘመሮ ገበያ ይሸጣል፣ የፈትሌን ይሰጠኛል። እኛ ባለንበት የመንዝ ደጋ፣ በቀየት በኩል፣ ባና ያልለበሰ ሰው ሌሊቱን ስለማያድር ሥራው አይጠፋም ነበር።

ሳሉን መጀመሪያ ምች አሉት። ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። አልሄደም። ከገበያ አጠገብ ያለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ “ታይፎይድና ታይፈስ አብረው ይዘውሻል” ብለው መርፌ ወጉኝ። መቼም በዚያ ዘመን ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድና ታይፈስ ሳይዝ የወጣ ሰው አላየሁም። ሌላ ወር ሲመጣ ሌላ መርፌ። አንዲት በግ ሸጥኩ፤ ከዚያ ሌላዋን። ወገቤን ዙሮ አልማዝ ባለጭራ ወጣብኝ፤ እሳት ነው፤ ልብስ አያስነካም። አንዲት የጎረቤት ሴት “ጭራው ከራሱ ጋር ከገጠመ ትሞቻለሽ” አለችኝና ሄደች። እኔም ሌሊት እየተነሣሁ በጣቴ ዳር ዳሩን እዳብሳለሁ፤ ገጥሞ እንደሆነ ለማየት። ልጄ ወርቄ፣ የስምንት ዓመቷ፣ “እማዬ ምን ጠፍቶሽ ነው?” ትለኛለች በጨለማ።

ጠበልም ገብቻለሁ። ጠበሉን አልከስም፤ እዚያ ነው ከነሕመሜ ሰው የሆንኩት። የማላውቃት ሴት በቀን ሁለት ጊዜ ሽሮ ታካፍለኝ ነበር። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

በመጨረሻ የወረዳው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አክታዬን መረመሩ፤ ሳንባ ነቀርሳ ተገኘ። ከዚያ ሲስተሯ ደሜን አስቀዳችና በሩን ዘግታ ቫይረሱ በደሜ እንዳለ ነገረችኝ። ያለችኝን ሁሉ አልሰማሁም። የሰማሁት የታደለን ሳል ነው፤ ያኔ ገባኝ።

“ልጄስ?” አልኳት።

“አምጫትና እንያት።”

አመጣኋት። ነጻ ሆነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቤ አንድ ብቻ ነው፤ ወርቄ ሳታድግ እንዳልሞት። እኔ ከሞትኩ ዕጣዋን አውቀዋለሁ። የሰው ቤት ሠራተኛ ትሆናለች፣ የሰው ልጅ ታዝላለች፤ ትምህርት ቤቱን በሩቅ ነው የምታየው።

መድኃኒቱ በነጻ ነው። በነጻ የሚሰጥ ነገር ግን በነጻ አይደረስበትም። ጤና ጣቢያው ከእኛ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ አቅም ላለው አይሱዙ አለ፣ ለሌለው እግር። የሚዋጠው ጠዋትና ማታ ነው፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ እኩል መሆን አለበት፤ ባዶ ሆድ ላይ ከወረደ ያቃጥላል፣ ያስመልሳል። ሲስተር ይህን ሁሉ ስትነግረኝ “ሰዓት አለሽ?” አለችኝ።

“ሬዲዮ አለኝ” አልኳት።

“ጥሩ። የጠዋቱ ዜና ላይ አንድ፣ የማታው ዜና ላይ አንድ።”

የታደለ ሬዲዮ ጌታዬ ሆነ። ዜናው ሊጀምር ሙዚቃው ሲመታ ወርቄ ውሃውን ታቀርባለች። የመንግሥት ስብሰባና የውጭ አገር ጎርፍ እየሰማሁ ዋጥኩ። አንድ ዓመት እንዲህ ሆኜ ሥጋዬ ተመለሰ፣ ሳሉ ሄደ። የሰውነት ወታደር የሚሉት አለ፤ በሽታ የሚከላከለው። ሲዲ ፎር ይሉታል። እሱ ሲቆጠር በጣም ወጥቶ ተገኘ። ሲስተር “ጎበዝ!” ብላ ትከሻዬን መታችኝ። ዘመድ ያመሰገነኝ ያህል ደስ አለኝ።

የጤና ጣቢያውን አግዳሚ ወንበር ያላወቀ ሰው ግን ይህን ነገር አያውቅም። የእኛ ክፍል በር ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ማን እንደሆነ አገር ያውቃል። ስለዚህ ማንም እዚያ አይቀመጥም። የልጆች ክትባት ወንበር ላይ እንቀመጥና ስማችን ሲጠራ እየተጎነበስን እንገባለን። እትዬ ሙሉ የምትባል የዘመሮ ጠላ ሻጭ፣ የእኔው ሕመምተኛ፣ የማታውቀውን ሰው ሕፃን ተቀብላ አቅፋ ትቀመጥ ነበር። “አንቺ፣ ዕድሜሽ ካለፈ ወዲህ እንዴት ወለድሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ?” እያለች ታስቀኛለች። ሳቃችንን አፋችን ላይ እንይዛለን።

አንድ ቀን ግን የሠፈሬ ሴት ልጇን ልታስከትብ መጣች። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ገጠምን። ስሜ ተጠራ። ገባሁ። ምን ላድርግ?

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አገር ገባ።

በሳምንቱ ፈትሌን ይዤ አያ ሽብሩ ዘንድ ሄድኩ። የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ፣ መወርወሪያውን ወዲህ ወዲያ እያደረገ ነው። ፈትሉን አላነሣውም።

“አስካለ፣ ይኼን ለጊዜው አንቺው ዘንድ አቆይው።”

“ምነው አያ? ወፈረብህ?”

“ፈትልሽማ ወደር የለው።” መወርወሪያውን አቆመ። “ሰው የማን ፈትል ነው ይለኛል።”

“አንተስ?”

“ዋሸሁ። ሁለቴ ዋሸሁ። ሦስተኛዋ ሴት ባናውን አንሥታ አሸተተችውና ‘ፈታይ ጣቷን በምራቅ አይደል የምታርሰው? እኔ ልጄን በሷ ምራቅ አላስተኛም’ ብላ ጥላው ሄደች። ገበያው ሰማ። አራት ልጆች አሉኝ አስካለ።”

እውነቷን ነው፤ የፈታይ ጣት ደርቆ አይፈትልም። ጣትን ምላስ ላይ ነካ እያደረጉ ነው ጠጉሩ የሚያዘው። እናቶቻችን ሁሉ እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ አገሩም የናቶቻችንን ምራቅ ለብሶ ሲሞቀው ኖሯል። የኔው ብቻ ነው መርዝ የሆነው።

“ውሃ በጣሳ አስቀምጬ በውሃ ብፈትለውስ?” አልኩት።

“እኔ አምንሻለሁ። ገበያውን በምን አሳምነዋለሁ?”

ፈትሌን ታቅፌ ወጣሁ። አላለቀስኩም። መንገድ ላይ ያገኘኋት ሴት ስትጨብጠኝ ጣቷን ብቻ ሰጠችኝ፤ ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ልቃቂት ነው፤ አንዱን ጫፍ ሲስቡት ሌላው ይተረተራል። የፈትል ገንዘብ ቀረ፤ አይሱዙ ቀረና በእግሬ ሆንኩ። ጨውና በርበሬ ተቆጠበ። ከዚያ የሬዲዮው ድንጋይ አለቀ። ድንጋዩን ፀሐይ አሰጣሁት፣ በጥርሴ ነከስኩት፤ ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ። አዲስ ድንጋይ ልግዛ ወይስ ለወርቄ ዘይት? ዘይት ገዛሁ። እናንተስ ብትሆኑ?

“ፀሐይዋን አታይም ነበር?” ያለኝ የቆላ ሰው አለ። የመንዝን ጉም ስለማያውቅ ነው። በእኛ አገር ፀሐይ አንዳንድ ወር በእንግድነት ነው የምትመጣ። ዶሮም አለ፤ የኔ ዶሮ ግን ተሽጧል፣ የሰው ዶሮ ደግሞ እንደ ባለቤቱ ጠባይ ነው የሚጮኸው።

ያለኝ የገብርኤል ደወል ነው። በጉምም በዝናብም ይሰማል። ጥቅምት ላይ ጠዋት ሲደወል ቁራሽ ቀምሼ እውጥ ነበር፤ ማታ ከብት ሲገባ ሌላውን። ሬዲዮውን ብዙም አልናፈቅኩት።

ከዚያ የነቢያት ጾም ገባ፤ ወዲያው ደግሞ ዐቢይ ጾም። በጾም ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው፤ ቁርስ ተብሎ የሚቀመሰውም ቅዳሴ ሲወጣ ነው። ደወሉ ወደ ታች ወረደ፤ እኔም ከደወሉ ጋር ወረድኩ። ሐሳብ እንኳ አልገባኝም። በእኛ አገር ጠዋት ማለት አፍ የሚከፈትበት ጊዜ ነው፤ አፍ በዘጠኝ ሰዓት ከተከፈተ ጠዋቱ ያኔ ነው። ደግሞም ልንገራችሁ፤ ቤት ውስጥ በቀን አንዴ የሚቀመስ ብቻ ሲኖር ጾሙና ረሃቡ አይለያዩም። ባዶ ሆድ ላይ ከዋጥኩት ያስመልሰኛል፤ ካስመለስኩት ባከነ። ስለዚህ ቅዳሴ ሲወጣ በልቼ እውጣለሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ከብት ሲገባ ሁለተኛውን። ከዚያ እስከ ነገ ከቀትር በኋላ ምንም። በዚያ ላይ ሰው ሲጠላኝ እግዜር እንዳይጠላኝ ብዬ ጾሜን አጥብቄያለሁ። አንዲትም ኪኒን አልዘለልኩም። አንዲትም።

ፋሲካ አለፈና ሳሉ መጣ።

ሲስተር ውጤቱን አየችና ፊቷ ጠቆረ። “አስካለ፣ ወታደሮችሽ አልቀዋል። እየወሰድሽ አይደለም።”

“እወስዳለሁ ሲስተር።”

“አትዋሺኝ።”

“በገብርኤል!”

“እሺ፤ እየወሰድሽ ከሆነ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው። ሌላ መድኃኒት ያስፈልግሻል፤ እሱ ደግሞ እኛ ጋ የለም። ደብረ ብርሃን ነው። በየወሩ።”

በየወሩ ደብረ ብርሃን! መሳፈሪያ፣ ማደሪያ፣ ምግብ። ለእኔ “ሞትሽ” ብትለኝ አንድ ነው። ሲስተርም የምታውቀው ይመስለኛል፤ ወረቀቱን ስትጽፍ ቀና ብላ አላየችኝም። ድካም ነበረባት፤ ከበሩ ውጭ የሚጠብቃት ሕዝብ ያን ያህል ነው። አልተቀየምኳትም። ስንት ዋጥሽ ትለኝ እንደሁ እንጂ መቼ መቼ ዋጥሽ ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም የሚጠየቅ ነገር አልመሰለኝም።

“ውጭ ጠብቂኝ፣ ወረቀቱን አስፈርሜ ልምጣ” አለችኝ። ወጥቼ እትዬ ሙሉ አጠገብ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ሕፃን አልያዘችም።

“ምን አሉሽ?”

ነገርኳት። ወሬ ስጀምር ደግሞ አላቋርጥም፤ ተፈጥሮዬ ነው፤ ከፈትሉ ጀምሬ፣ ሬዲዮውን፣ ድንጋዩን በጥርሴ መንከሴን፣ ሁሉን ዘረገፍኩላት። “ሬዲዮው ቢዘጋም እግዜር አልዘጋኝም፤ የገብርኤል ደወል አለልኝ። በጾሙ እንኳ ቅዳሴ ሲወጣ አንዷን፣ ከብት ሲገባ ሌላዋን እያልኩ አንድ ቀን አልሳትኩም” ስላት እትዬ ሙሉ ራሷን እየነቀነቀች ነበር። ከኋላዬ የወረቀት ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ሲስተር ቆማለች።

“ምን አልሽ?”

“ምንም አላልኩም።”

“ቅዳሴ ሲወጣ ነው ያልሽ? በጾም? በዘጠኝ ሰዓት?”

“አዎ… የጠዋቷን።”

ሲስተር የክትባቱ ወንበር ላይ፣ እኔና እትዬ ሙሉ መካከል፣ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ሕዝብ ሁሉ እያየ! “ወይ አስካለ” አለችኝ። “ወይ የኔ እናት።” ከዚያ በጣቷ ጭኗ ላይ እየሠራች አስረዳችኝ። መድኃኒቱ እንደ ዘበኛ ነው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው መተካት አለበት፤ ሁለቱ አብረው ቆመው ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ፣ ጠዋቱን ሙሉ በሩ ክፍት ከሆነ ቫይረሱ ይገባል። ከዚህም አልፎ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ይህን የማወራው ለዚህች ነገር ስል ነው፤ እንደ እኔ ሰዓት የሌላችሁ፣ ሰዓቱን ጠይቁ።

ወረቀቱን አልቀደደችውም፤ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። “ጥቂት ወራት እሰጥሻለሁ። ቫይረሱ መድኃኒቱን ለምዶት ካልሆነ ወታደሮችሽ ይመለሳሉ። ከለመደው ደብረ ብርሃን ነው። ግን አንድ የቤተሰብ ሰው አምጪልኝ፤ ሰዓት የሚያስታውስሽ።”

“ሰው የለኝም።”

“አንድ ሰው።”

መንገዱን ሁሉ አሰብኩ። ከአያ ሽብሩ በቀር ስም አልመጣልኝም።

ሄጄ ደጁ ላይ ቆምኩ። “አያ፣ ጤና ጣቢያ አብረኸኝ እንድትሄድ ነው። ፈትል አልያዝኩም፤ አትፍራ።”

“መቼ ነው?” አለኝ።

ሄድን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ እንደ ተጣላ ሰው። እዚያ ስንደርስ የክትባቱ ወንበር ላይ ልቀመጥ ስል እሱ የሚያውቀው ነገር የለምና ቀጥ ብሎ ሄዶ እኛ በር ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ባናውን አደላድሎ ተቀመጠ። “ነይ ተቀመጪ እንጂ፣ ሰፊ ነው” ይለኛል። እትዬ ሙሉ ከሩቅ ሆና በሳቅ ሞተች።

ሲስተር ሁሉን አስረዳችው። አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ስትጨርስ “ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አላት።

“ይጠይቁ አባቴ።”

“ምራቅስ?”

“ምን ምራቅ?”

“ፈታይ በምራቋ ያራሰችው ክር። ከደረቀ በኋላ። ባና ከሆነ በኋላ።”

ሲስተር አየችኝ። “አይተላለፍም። እርጥብ ሳለም አይተላለፍም። ከእሷ ጋር በአንድ ዋንጫ ቢጠጡም አይተላለፍም።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“በልጄ።”

ከዚያ ወደ ቤታችን ተመለስን።

እሱም ሬዲዮ አለው፤ ቤቱ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። በማግስቱ ጠዋት ዜና ሲጀምር በጉሙ ውስጥ ድምፁ መጣ፤ “አስካለ! በጎቹን አውጪ!” ማታ ደግሞ “አስካለ! በጎቹን አስገቢ!” አንድ በግ አልነበረኝም፤ ሁሉም ተሸጧል። አገሩ “ሽብሩ አበደ ወይስ አስካለ በግ ገዛች?” አለ። ወርቄ መጀመሪያ ሳቀች፤ በኋላ እሱ ሲጮህ ውሃውን ይዛ ትመጣለች።

የሚቀመሰው ነበር የቀረኝ። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። “የታመመ አይጾምም ብዬሽ አልነበር?” አሉኝ ተቆጥተው።

“ብለውኛል አባ። የሚበላ ግን አልሰጡኝም።”

ሳቃቸው አመለጣቸው። በማግስቱ ባለቤታቸው አንድ ቁና በሶ ልካልኝ ከእኔ ጋር ተቀምጣ በጠበጠችልኝ። በየጠዋቱ ከኪኒኑ በፊት ሁለት ጭብጥ ትበቃለች።

ያን ክረምት እንዴት እንደከረምኩ ማውራት ይደክመኛል። ሌሊት በላብ እነቃለሁ፤ ወታደሮቹ ተመልሰው ይሆን ወይስ ቫይረሱ ለምዶት ይሆን እያልኩ የወርቄን ትንፋሽ አዳምጣለሁ። ለምዶት ከሆነ ምን ባደርግ ዋጋ የለውም። የሚጠበቀው የአንድ ቀን ውጤት ነው፤ እስከዚያ መዋጥ ነው፤ በሶ መብላት ነው፤ በሌሉ በጎች መውጣትና መግባት ነው።

መስከረም ላይ ተቆጠረ። ተመልሰዋል። ሁሉም ባይሆን፣ ተመልሰዋል። ሲስተር የደብረ ብርሃኑን ወረቀት ከመሳቢያዋ አውጥታ አሳየችኝና ቀደደችው። እትዬ ሙሉ እልል ልትል ስትል አፏን ያዝኳት። እኔ ግን ደስታው እንኳ ደከመኝ፤ ቤቴ ገብቼ ከነጫማዬ ተኛሁ። ነገ ደግሞ አለ፤ ከነገ ወዲያም። መሳፈሪያ የለኝ፣ ፈትሌን የሚነካ የለ። መድኃኒቱ ቢይዘኝም የያዘኝ ችግር አልለቀቀኝም ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ ገብሱ ሳይታጨድ፣ አያ ሽብሩ ዶማ ይዞ መጣ። ሰላምታ ሰጠኝና ጎጆዬን ዞረ፤ መንገዱ በሚያይበት በኩል፣ ጣሪያው ጥላ ሥር መሬቱን በእግሩ ለካ። ከዚያ መቆፈር ጀመረ። “ምን ልትቀብር ነው?” አልኩት። እስከ ጉልበት ያህል ቆፈረ፤ ግድግዳውን በጭቃ ለሰነ፤ የሽመና እንጨቶቹንና መወርወሪያውን ከቤቱ በሁለት ምልልስ ተሸክሞ አመጣ። ባና ያዘዘ ሁሉ ከዚያ ወዲህ እኔ ደጅ እየመጣ መውሰድ ነበረበት፤ ያልፈለገ አልመጣም፤ የመጡት ግን ይበዙ ነበር። ያን ቀን ግን ማንም ገና አልመጣም። እንጨቶቹን ተክሎ ሲጨርስ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደደና እጁን ዘረጋልኝ።

“ፈትሉን አምጪው” አለኝ።